ስንት አረጠበች?

እህቴ ራይና ለአራስ ቤት ስትደውል ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ስንት አረጠበች?» ልጁ ወንድ ከሆነ «ስንት አረጠበ?» እንዴት አደራችሁ የሚመጣው መልሱ ከተሰጠ በኋላ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ መናገር አይችልም፣ አያቶች ደግሞ ማውራት አይሰለቻቸውም፤ የማይዋሽ ዳይፐር ብቻ ነው ትል ነበር።

በማሌሼቮ ተራሮች ባሉ አሥራ አንድ መንደሮች ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡርና አራስ ስትጠይቅ ኖራለች። ባሏ ቀድሟት ሞተ፤ ልጅ አልወለደችም። ትታ የሄደችው አርባ ሦስት ደብተር ነው። የእኔ ሥራ በከተማችን መዝገብ ቤት ሰዎች ጽፈው የተዉትን ማንበብና ማስቀመጥ ስለሆነ፣ በዚህ ክረምት ሁሉንም በተራ አነበብኳቸው። የራሷ ደንብ ነበራት። በዓይኗ ያየችውን እንዲሁ ትጽፋለች፤ ሰው የነገራትን በቅንፍ ውስጥ ታስገባለች። «እትብቱ ደርቋል» ካለች አይታዋለች። «(በደንብ ይጠባል)» ካለች ግን አማት ነግራታለች ማለት ነው።

እዚህ የምተርከው ከአርባ ሦስተኛው ደብተርና በቦታው ከነበሩ ሁለት ሴቶች ቃል የወሰድኩትን ነው። ቃላቸው የሚለያይበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

በእኛ ዘንድ አራስ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም። ጀንበር ከጠለቀች እንግዳ አይገባባትም፤ የሕፃኑ ጨርቅ ውጭ አያድርም፤ እናትና ልጅ አይለያዩም። ጠያቂ ሲወጣ ከልብሱ አንድ ክር መዝዞ በሕፃኑ አልጋ ላይ ይተዋል፤ አለዚያ የሕፃኑን እንቅልፍ ወይም የእናቲቱን ወተት ይዞ ይሄዳል ይባላል። ራይና ከዚህ አርባ ቀን ጋር ስትጣላ ነው የኖረችው። ደም እየፈሰሳቸው «አርባዬ ሳይሞላ ሐኪም ቤት አልሄድም» ያሉ ሴቶች አጋጥመዋታል። «አርባ እኮ ለሙትም ይወጣል» ትላቸው ነበር፤ «የትኛውን አርባ ነው የምትጠብቂው?» ክሩን ደግሞ በቀልድ ታልፈዋለች፦ «በየቤቱ ክር ስመዝ ልዋል? ካፖርቴ ሲያልቅ ማን ሊያለብሰኝ ነው?» በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቤት ክር አልተወችም። ይህን የነገሩኝ ብዙ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ቅር ብሏቸዋል።

በማርች 2020 ኮሮና ሲገባ የቤት ለቤት ጉብኝት ቆመና ሁሉም በስልክ ይሁን ተባለ። ራይና ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የደም ግፊትም ስኳርም ነበረባት። ከዚያ ቀን እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ደብተሯ ከላይ እስከ ታች በቅንፍ የተሞላ ነው።

በስልክ ከምትከታተላቸው አንዷ ፍሮሲና ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ከሽቲፕ ከተማ ወደ ላይኛው መንደር በጋብቻ የመጣች። ባሏ ላዘ ስሎቬኒያ የመንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ እሷና አማቷ ዶንካ ብቻ ነበሩ። ዶንካና ራይና በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚነቋቆሩ ሴቶች ናቸው። ፍሮሲና ነፍሰ ጡር ሳለች ራይና የነገረቻትን ሁሉ አድርጋለች፦ ሰርግ ቀርታለች፣ ቀብር ቀርታለች፣ የክትትል ቀጠሮዋን ግን ማስክ አድርጋ አንድም አላስቀረችም። ዶንካም ጎረቤቱን ሁሉ ከበር ትመልስ ነበር። «እንኳን ቫይረሱ ቄሱም አላለፈኝ» ብላ ትኮራለች፤ ቄሱም አልካዱም።

ሕፃኗ ካሊና ኖቬምበር 3 ተወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ሃምሳ ግራም። በሦስተኛው ቀን ጤነኛ ሆና ቤቷ ገባች።

ዶንካ ከማርች ጀምሮ የጠበቀችው በር የተከፈተው ለወተት ሲባል ነው። ኖቬምበር 8 የእህቷ ልጅ ዞርካ ልትጠይቅ መጣች። ዞርካም የአምስት ወር ልጅ ታጠባለች። የገባችው እስከ ደጃፉ ነው፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየችም። ከሄደች በኋላ ዶንካ የሕፃኗን አልጋ ብታይ ክር የለም። ያን ማታ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ለፍሮሲናም ጡቷ የላላ መሰላት። ራይና ብትጠየቅ በአምስተኛ ቀን ይህ ያለ ነው ትል ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቃትም። የምታጠባ ሴት ክር ሳትተው ከወጣች ወተቱን ይዛ ሄዳለች ማለት ነው፤ መመለስ አለባት። በማግስቱ ዞርካ ተጠርታ መጣች። ሁለቱ እናቶች ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ፤ ማስክ ወለቀ፤ ከአንድ ዳቦ ቆርሰው በሉ፤ ዞርካ ከጡቷ ጥቂት ጠብታ በውሃ ላይ አልባ ሁለቱም ከአንድ ጽዋ ጠጡ። ዞርካ ሁለት ጊዜ ሳለች። «የድንች ጓዳው አቧራ ነው» አለች።

ኖቬምበር 13 ፍሮሲና አተኮሳት። በማግስቱ የምርመራው ውጤት መጣ፤ ተይዛለች። ዞርካም ተይዛለች። ዶንካ ያኔውኑ ሕፃኗን ከእናቷ እቅፍ ወስዳ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። ለራይና በስልክ የተነገራት «(ትንሽ ጉንፋን፤ ሕፃኗ ደህና)» የሚል ብቻ ነው።

ኖቬምበር 17፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ራይና ደወለች። የተነጋገሩትን ዶንካ ቃል በቃል ነግራኛለች፤ ራሷን ለማዳን አንዲት ቃል አላሳመረችም።

«ስንት አረጠበች?»

«ተመስገን፣ ሁለት።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከትናንት ጀምሮ። ንጹሕ ልጅ ናት፤ ልብስ አታበዛም።»

«ፍሮሲናን አገናኚኝ።»

«ታማ ተኝታለች፤ አትረብሻት።»

«ዶንካ፣ ልጅቷ የት ናት?»

«እኔ ጋ።»

«ምን እየጠጣች?»

«የላም ወተት፤ በውሃ አቅጥኜ። በመሀል የእንስላል ሻይ። ላዘን ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ ዛሬ እሱ ድንጋይ ይፈነቅላል።»

«እናቷ አላጠባቻትም?»

«በትኩሳት የጋለ ወተት መርዝ ነው። ልግደላት እንዴ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅዳሜ።»

የአሥራ አራት ቀን ልጅ በቀን ስድስት ጊዜ ማርጠብ አለባት። ሁለት ማለት እየደረቀች ነው። ራይና ወዲያው ለሕፃናት ሐኪሙ ደወለች። አምቡላንሱ መተንፈስ ያቃታቸው ሰዎች ይዞ ወደ ትልቁ ከተማ ወርዶ ስለነበር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይደርስም። የበረዶውን መንገድ በራይና አሮጌ መኪና ሕፃን ይዞ መውረድ ደግሞ አይታሰብም። «አሙቋት፤ የእናቷን ወተት በጠብታ ስጧት» አላት ሐኪሙ። «ትንፋሿ ከተለወጠ ወይም መንቃት ካቃታት ያለችበት ድረስ የሚመጣ ሰው ፈልጌ እልካለሁ። ያለዚያ በዘጠኝ ሰዓት አምቡላንሱ ይዟት ይሂድ። ብቻዋን ነው ታዲያ፤ እናትዮዋ ተይዛለች፣ አብራ አትገባም።» ብቻዋን ከሄደች በኋላ ለስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጡት ደግሞ ጠቢ ካጣ ይደርቃል። ያለው ጊዜ ሦስት ሰዓት ከምናምን ነበር።

ከመኪናዋ ለእኔ ደወለች። «መሄድ ተከልክሏል» አልኳት። «ያለብሽን በሽታ ታውቂዋለሽ።»

«አንተ ወረቀትህን ጠብቅ» አለችኝ። «ወረቀት ውሃ አይጠማውም።»

ስልኩን ዘጋች። በአካል ሆኜም በስልክም ከእሷ ጋር በሰፊው ለመነጋገር ከዚያ በኋላ ዕድል አላገኘሁም፤ ስለዚህ ይህቺን ቃል ደጋግሜ ፈትሻታለሁ። ቁጣ አልነበረባትም። ቸኩላ ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ራይና ከዶንካ የግቢ በር ደረሰች። ዶንካ በሩን ይዛ ቆማ ነበር።

«አትገቢም» አለቻት። «አርባዋ ነው። በዚያ ላይ በሽታ አለ።»

«አልገባም።»

«ዕድሜሽን ሙሉ አርባን ስታፈርሺ ኖረሻል፤ የእኔን ቤት አታፈርሺም።»

«አላፈርስም አልኩሽ። እንጠብቀው። ግን የምንጠብቀው ሙሉውን ነው፤ የሚመችሽን መርጠሽ አይደለም።» ራይና ቦርሳዋን በረዶው ላይ አስቀመጠች። «በአርባ ቀን ውስጥ እናትና ልጅ ይለያያሉ?»

ዶንካ በሩን አጥብቃ ያዘች።

«እናትሽ ምን ትል ነበር? ጎበዝ አዋላጅ ነበረች፤ አንቺ ንገሪኝ።»

«አይለያዩም» አለች ዶንካ።

«አንድ ጀንበርስ?»

«አንድ ጀንበርም።»

«ስንት ጠለቀባቸው?»

«ሦስት።» ዶንካ ማልቀስ ጀመረች። «ታዲያ በሽታውን ምን ላድርገው ራይና? ምን ላድርገው?»

«በሽታው በትንፋሽ ነው የሚሄደው፤ በወተት አይሄድም። ወተቷማ መከላከያውን ይዞ ነው የሚመጣው። ትንፋሿን እንሸፍናለን፣ ወተቷን ለልጇ እንመልሳለን። በዘጠኝ ሰዓት አምቡላንስ ይመጣል። እስከዚያ ካልዋጠች ብቻዋን ይወስዷታል። ሂጂ፣ አምጫት።»

በሩን ማን እንደከፈተው አይስማሙም። ዶንካ «እኔ ከፈትኩላት» ትላለች። በመስኮት ስታይ የነበረችው ፍሮሲና ደግሞ ራይና በቦርሳዋ ገፋ አድርጋ ገባች ትላለች። ደብተሩ ስለ በሩ ምንም አይልም።

ራይና ወደ ቤት አልገባችም። በረንዳው ላይ፣ ከፍሮሲና መስኮት ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ ሁለት ማስክ ደርባ፣ የካፖርቷን አንገትጌ ዘግታ። መስኮቱን አስከፈተች። ፍሮሲና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጡቶቿን በሁለት ክንዷ አቅፋ ነበር፤ ተወጥረው እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል፣ ሸሚዟ ከላይ እስከ ወገቧ ርሷል።

«ሲስተር፣ እንደዚህ ሆኜ ብይዛት እኔ ነኝ የምገድላት» አለች።

«አንቺን አይደለም የምንሸፍነው፤ አፍና አፍንጫሽን ነው። ስሚኝ። እጅሽን እስከ ክርንሽ በሳሙና ታጠቢ፤ አትቸኩዪ፣ እኔ እቆጥርልሻለሁ። ማስኩን አድርጊ፤ ከረጠበ ቀይሪው። ጡትሽን ሞቅ ባለ ጨርቅ ሸፍነሽ ቀስ አድርገሽ እለቢ። አልጋዋ ከአልጋሽ ሁለት እርምጃ ይራቅ፤ ስታጠቢ ብቻ ትቅረብሽ። መስኮቱን ከፈት አድርገሽ ተዪው። የነካሽውን ሁሉ ዶንካ ትወለውላለች።»

«ብርድ ይገባባታል!» አለች ዶንካ ሕፃኗን ይዛ በደጃፉ ስትመጣ።

«ምድጃው ላይ ጨምሪ። ማገዶ ሞልቶሽ ምን ያሰስትሻል?»

«በማገዶዬ እንኳ ትሰድቢኛለሽ» አለች ዶንካ፤ ግን ሄዳ ጨመረች።

ከዚያ ሕፃኗን በመስኮቱ በኩል ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ራይና እንዲህ ጽፋለች፤ ቅንፍ የለም፦ «ከንፈር ደርቋል። እርግብግቢቷ ሰርጉዷል። አታለቅስም። ስትነካ ዓይኗን ትገልጣለች።» ሰዓቱ ስድስት ከሃምሳ ነው።

የመጀመሪያው የታለበ ወተት በሻይ ብርጭቆ ወጣ፤ ሁለት ጣት ያህል። ሕፃኗ ልብሷ ወልቆ በእናቷ ደረት ላይ ተደረገች፤ ከላይ ብርድ ልብስ። ጡት ቀረበላት፤ አልያዘችም። ከንፈሯን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

«ማንኪያ» አለች ራይና። «ዶንካ፣ አንቺ ነሽ የምትሰጪያት። ማስክሽን አስተካክዪ፤ አፍንጫሽ ወጥቷል። ጠብታ በጉንጯ በኩል። እንዳታንቂያት፣ ጉሮሮዋን እያየሽ።»

«ባንቃትስ?»

«እኔም ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ስጪያት።»

የመጀመሪያው ጠብታ በጉንጯ ተመልሶ ወጣ። ሁለተኛውም። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ከሩብ። ራይና በረንዳው ላይ ሆና በየአምስት ደቂቃው ትጽፍ ነበር፤ «አልዋጠችም» የሚለው ቃል ስምንት ጊዜ ተጽፏል። ጽሕፈቷ ከመስመር ወደ መስመር እየከበደ ይሄዳል፤ አንዱ ላይ ወረቀቱ ተቀዷል። ፍሮሲና ማልቀስ ስትጀምር ራይና ጮኸችባት፦ «ማስክሽ ራሰ! ቀይሪው፤ እንባሽን በኋላ!»

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ዶንካ «ሲስተር፣ ዓይኗን አልገልጥ አለችኝ» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሲስተር ያለቻት።

የደብተሩ ቀጣይ መስመር ሁለት ቃል ነው፦ «7፡40። ገባሁ።»

በራሷ አቆጣጠር አሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ቆየች። ለሐኪሙ ደወለችና ስልኩን ክፍት አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠች። እጇን ታጥባ የሕፃኗን እግር መዳፍ በጣቷ ደጋግማ መታ መታ አደረገችው፤ ጀርባዋን አሸችው። ካሊና ፊቷን አጨማደደች። አንድ ጊዜ፣ እንደ በር ማጠፊያ ቀጭን አድርጋ ጮኸች። «አሁን!» አለች ራይና፤ የተከፈተው አፍ ውስጥ ጠብታው ገባ። ሦስቱም ጉሮሮዋን አዩ። ወረደ።

«ዋጠች?» አለ ሐኪሙ ከትራሱ ላይ።

«ዋጠች» አለች ራይና።

«ቀጥሉ።»

ራይና ወደ በረንዳው ተመለሰች። አንድ ማንኪያ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ሁለተኛው አሥር። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሕፃኗ በእናቷ ደረት ላይ ራሷን ወደ ጎን እያዞረች መፈለግ ጀመረች። ፍሮሲና ጡቷን አቀረበችላት፤ ያዘችው፣ ለቀቀችው፣ እንደገና ያዘችው። ክፍሉ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ያቺ ትንሽ የመዋጥ ድምፅ ብቻ ነበር። ዶንካ ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ድምፁን ስትቆጥር፣ ራይናም በረንዳው ላይ ትቆጥር ነበር። ዶንካ አርባ ሁለት ትላለች፤ ደብተሩ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

«አረጠበች?» አለች ራይና።

«ገና» አለች ዶንካ።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆነ። «አሁንስ?» ዶንካ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደደች። ከዚያ ያወጣችው ዳይፐር ከባድ አልነበረም፤ ግን ሞቅ ያለ ነበር። በመስኮቱ እንደ ባንዲራ አውጥታ ያዘችው። ራይና ከመስኮቱ ራቅ ብላ በረንዳው ደረጃ ላይ፣ በረዶው ላይ ተቀመጠች።

አምቡላንሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ደረሰ። ባለሙያው ሕፃኗን መርምሮ፣ መዝኖ፣ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋገረ። እየጠባች ነው፣ ነቅታለች፤ ከእናቷ ጋር ትቆይ፣ ነገ ተመልሰን እንመዝናታለን ተባለ። መኪናው ባዶውን ወረደ።

ራይና ልትሄድ ስትል ዶንካ እስከ በር ሸኘቻት። ራይና ጓንቷን አወለቀች፤ ከካፖርቷ እጅጌ ጫፍ አንድ ግራጫ ክር መዝዛ በአጥሩ እንጨት ላይ አንጠለጠለችው።

«ሠላሳ ዓመት ዘገየሽ» አለቻት ዶንካ።

«ለልጅቷ አይደለም። አንቺ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ነው። ነገ ጠዋት እደውላለሁ፤ ቁጥሩን እንዳታሳምሪልኝ።»

በማግስቱ አራት፣ ከዚያ አምስት፤ ኖቬምበር 20 ስድስት። ሁሉም በቅንፍ ነው፤ በስልክ የተነገራት ስለሆነ። የፍሮሲና ትኩሳት ለቀቃት፤ ማስኳን ግን ሐኪሙ በቃ እስኪላት አላወለቀችም። ካሊና አልተያዘችም። ዶንካ በሦስተኛው ሳምንት ተያዘች፤ ተኝታ ተነሣች።

ራይና ኖቬምበር 24 አተኮሳት። በ27 ሆስፒታል ገባች። ዲሴምበር 9 ሞተች።

በአርባዋ፣ ጃንዋሪ 17፣ ዶንካ ከመቃብሩ አጠገብ እጄን ያዘችኝ። «ከእኛ ቤት ነው የያዛት? እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ጸሐፊ ነህ» አለችኝ። አይታወቅም አልኳት። ስለማይታወቅ ነው እንጂ ላጽናናት ብዬ አይደለም። በዚያው ሳምንት ራይና ሌሎች ሁለት ቤቶች ሄዳለች፤ ኖቬምበር 19 መድኃኒት ቤት ተሰልፋ ሠላሳ ደቂቃ ቆማለች። አሥራ አንዱ ደቂቃም አለ። ከእነዚህ አንዱን መርጬ የምጽፍበት ምንም ማስረጃ የለኝም።

ሆስፒታሉ ዕቃዋን በአንድ ከረጢት ሰጠኝ፦ መነጽር፣ ስልክ፣ አርባ ሦስተኛው ደብተር። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ኖቬምበር 30 ይላል። ፍሮሲና ያን ዕለት ራይና ከሆስፒታል አልጋዋ እንደደወለችላት ነግራኛለች። ሰላም አላለችም። ትንፋሿ ስለሚቆራረጥ ጥያቄውን በሁለት ጊዜ ነው የጨረሰችው። ፍሮሲና መለሰችላት፤ ስልኩ ተዘጋ።

ገጹ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ «ካሊና፣ 7።»

በስልክ የሰማችው ነው፤ በደንቧ መሠረት ቅንፍ ውስጥ መግባት ነበረበት። ቅንፍ የለውም። እጇ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ለመዝገብ ቤቱ ስገለብጠው እንዳለ ተውኩት።